የካሬ ሰማንያ አራት ቋሚ ሰውዬ

ጥቅምት 6 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ባሕር ማዶ ላለሽው፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ ለመደሽ? እኔ ጉልበቴ ቁጭ ብድግ ስል ከሚያሰማው ድምፅ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ድምፅ እንጂ ሕመም አይደለም ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ።

እናትሽ በስልክ አንድ ነገር ነገረችኝ። "አንተ የምትሞላው ቅጽ እኮ የሚሄደው እሷ መሥሪያ ቤት ነው" አለችኝ። አላመንኩም። የእኔ ቅጽ የጣቢያው ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ እዚያው የሚሞት ነበር የሚመስለኝ። ለካ እኔ ፓስፖርት ሳላወጣ እጅ ጽሕፈቴ አገር አቋርጧል።

ሥራዬን በቅጡ ነግሬሽ አላውቅም። ከማድርበት የጥበቃ ቤት ቁልቁል አንድ ሰዓት ሲኬድ አንዲት ምንጭ አለች። በምንጯ ዙሪያ አሥራ አንድ የዱር አህዮች አሉ፤ በዚህ ሁሉ አገር የቀሩት እነሱ ናቸው። ዝናብ ሲጠፋ ውሃውን ደለል ይደፍነዋል። እኔ እቆፍራለሁ፣ እነሱ ይጠጣሉ። በቃ፣ ሥራዬ ይኸው ነው። መንገድ ላይ የሽቦ ወጥመድ ካገኘሁ እነቅላለሁ። ስጨርስ ባለ አሥራ አራት ዓምድ ቅጽ እሞላለሁ። ሰው "ሥራህ ምንድን ነው?" ሲለኝ "አህያ ጠባቂ" እላለሁ። "የማን አህያ?" "የማንም።" ከዚያ በኋላ የሚያዩኝን አተያይ ለምጄዋለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ጫማዬ አፉን ከፍቷል። ኃላፊውን ብጠይቀው "ለየትኛው ቦታ ምን እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ካርታው ነው" አለኝ። ካርታውን የምትሠሪው አንቺ ከሆንሽ፣ እስቲ ምንጬን ፈልጊያትና ከጎኔ ቁሚ። ቁጥሯ ካሬ ሰማንያ አራት ነው።

የቆምሽበት መሬት አይክዳሽ።

አጎትሽ

---

ኅዳር 2 ቀን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለጋሼ፣

ጤናዎን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በአሥራ ሰባት ቀኑ ነው፤ የቀረውን ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ካሬ ሰማንያ አራትን ከፍቼ ሳየው ስለ ጫማ የሚጻፍ ነገር ጠፋኝ።

ካርታውን ላስረዳዎ። መሬቱ በካሬ በካሬ ተከፍሏል። በየካሬው ሰው በእንስሳቱ ላይ ያደረሰው ጫና ይደመራል፤ ወጥመዱ፣ የቤት ከብቱ፣ ምንጣሮው፣ መኪናው፣ የሰው መመላለሱ። ምንም ያልታየበት ነጭ ነው። እየባሰ ሲሄድ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ብርቱካንማ፣ ከዚያ ቀይ። የርስዎ ካሬ ቀይ አይደለም ጋሼ። ለርስዎ ካሬ ሲባል ከቀይ በላይ አዲስ ቀለም ተጨምሯል።

አንድ ሰውዬ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ምንጩ አጠገብ ታይቷል። ቢላና አካፋ ይዞ፣ አንዲት በቅሎ አስከትሎ፣ ሲቆፍር። ቢሮ ውስጥ "ቋሚው ሰውዬ" ይሉታል። ከመረጃው መሐል ነቅሶ ላወጣው ሰው በስብሰባ ላይ ተጨብጭቦለታል።

እስቲ ልጠይቅዎ፤ ይህን ሁሉ ጊዜ በዓይንዎ እያዩ ያልያዙት ለምንድን ነው? የሚፈራ ሰው ነው? የባለሥልጣን ዘመድ ነው? በጥር ወር መጨረሻ ትልቅ ስብሰባ አለ። ከቀይ ያለፉ ካሬዎች "ተስፋ የሌላቸው" ተብለው ጥበቃው ይነሳባቸዋል፤ ሠራተኛውም ገንዘቡም ገና ሊተርፉ ወደሚችሉት ይዛወራል። ሰውየው ካልተያዘ አህዮችዎ ያለ ዘብ ይቀራሉ። ቶሎ ይጻፉልኝ።

ክፉ አይንካዎ።

የእህትዎ ልጅ

---

ኅዳር 29 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምሽ ይብዛ። የጣቢያው መኪና በሃያ ቀን አንዴ ስለሚመጣ ደብዳቤሽ ኃላፊው ዘንድ ሻይ ሲጠጣ ሰንብቶ ደረሰኝ።

አንብቤ ስጨርስ ራሴን ታዘብኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አፍንጫዬ ሥር ሲቆፍር አላየሁም ማለት ነው! በማግስቱ ከድንጋይ ኋላ ተኝቼ አደባሁ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ዘጠኝ ቀን። አህዮቹ መጥተው ጠጡ፣ ሄዱ። ሰው የሚባል ዝር አላለም። "ብልጥ ነው፣ እንደማደባ አውቋል" አልኩ።

በዘጠነኛው ቀን ያጠራቀምኩትን ቅጽ ለመሙላት ቁጭ አልኩ። ሰባተኛው ዓምድ "በሥፍራው የተገኘ ሰው ብዛት" ይላል። እጄ እንደ ልማዱ 1 ብሎ ጻፈ። እጄን አየሁት። "ማንን አግኝተህ ነው?" አልኩት።

ልጄ፣ ሰውየው እኔ ነኝ።

ሥልጠናው ላይ "ያለውን ሁሉ ጻፉ፣ ለዘመድም ለራሳችሁም አታዳሉ" ነው የተባልነው። አላዳላሁም። እኔ ሰው ነኝ፤ በሥፍራው ተገኝቻለሁ። ዜሮ ብዬ ብጽፍ ቅጹን ማን ሞላው ሊባል ነው? በቅሎዋ? እሷም ብትሆን ስምንተኛው ዓምድ "የቤት እንስሳ" ላይ አለች። "የያዘው መሣሪያ" ይላል፤ ቢላና አካፋ። "ሲያደርግ የነበረው" ይላል፤ ሲቆፍር። አንድም ውሸት የለበትም። ይህን ያህል እውነት ተናግሮ ወንጀለኛ የሆነ ሰው እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

ነቅሶ ያወጣኝን ሰው ስሙን አልጻፍሽልኝም። ቢሆንም ሰላም በይልኝ። እኔን ለማግኘት ይህን ያህል የደከመ ሰው እናቴ ከሞተች ወዲህ አላጋጠመኝም።

ጫማውን ተዪው። እኔን ከካርታው አውጪኝ።

መንገድሽን ያቅናልሽ።

አጎትሽ

---

ታኅሣሥ 20 ቀን

ለውድ ጋሼ፣

በሰላም ይሁኑልኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ የሳቅሁበትን ነገር አስቤ ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

በማግስቱ ወደ አለቃዬ ገባሁ። እሱም ሳቀ። የሱ ሳቅ ቶሎ አለቀ።

"ስንት መዝገብ ነው?" አለኝ።

"አንድ ሺህ አርባ ስድስት።"

"በእያንዳንዱ ቀን ሰውየው ራሱ ጠባቂው ለመሆኑ ማስረጃው ምንድን ነው?"

"ራሱ አምኗል።"

"ማን? ተጠርጣሪው?"

መረጃው አንዴ ስለጸደቀ፣ ለማረም የጠባቂው አለቃ ፊርማና ማኅተም፣ እንዲሁም የአንድ ምስክር ቃል ያስፈልጋል። "ሰውየው እሱ መሆኑን አረጋግጣለሁ" የሚል። ስወጣ ከኋላዬ ጠራኝና "ደግሞስ ጠባቂም ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ጫና ነው" አለኝ። ይህን ያለው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ካርታ ፊት ቆሞ ነው። ከርስዎ ካሬ አጠገብ ያለው ሰማንያ አምስት እንደ ወተት ነጭ ነው። "እንደዚህ ነው እንጂ!" ይላል፣ ባለፈ ባገደመ ቁጥር። እዚያ የሚጠብቀው ማነው? እንዴት ቢሠራ ነው?

አጎቴ መሆንዎን ለማንም አልተናገርኩም። ከተናገርኩ ለዘመዷ አደላች ብለው ከጉዳዩ ያወጡኛል፤ ያኔ የሚናገርልዎ አይኖርም። እባክዎ ኃላፊውን ቶሎ ያስፈርሙት።

ደግ ደጉን ያሰማን።

የእህትዎ ልጅ

---

ጥር 12 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ በፊርማ ፍለጋ ከርሜያለሁ።

ኃላፊው ወረቀቱን አገላብጦ አነበበው። "አንተ ሰው፣ እዚህ ላይ ብፈርም ምን ማለት እንደሆነ ገብቶሃል?"

"እውነቱ ይወጣል ማለት ነው።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ የተሳሳተ ቅጽ ሳላነብ ስፈርም ነበር ማለት ነው።"

"እሱም እውነት ነው።"

"እኔ እኮ አንብቤ ነው የፈረምኩት!"

"ታዲያ አንብበህ ከሆነ ያ ሰውዬ ማነው ብለህ ለምን አልጠየቅከኝም?"

ከቢሮው አስወጣኝ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። በአንዱ ቀን "ስብሰባ ላይ ነው" ተባልኩ፤ በመስኮት ሳየው ከራሱ ጋር ነበር የሚሰበሰበው።

ስለ ሰማንያ አምስት ጠይቀሽኛል። የዚያ ካሬ ዘብ ከመኝታው ስለማይነሳ "አልጋ ወራሽ" ነው የምንለው። የወሩን ቅጽ በአንድ ቀን ይሞላል፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ነጭ የሆነው ሰው ሳይረግጠው ቀርቶ አይደለም፤ የሚያይ ሰው ስላልረገጠው ነው። አሸዋ የሚጭኑ መኪኖች ሸለቆውን ግጠው ጨርሰውታል። አህዮቹ ያንን ወገን ትተው ወደ እኔ ከመጡ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። አልጋ ወራሽ ግን ከእናንተ ዘንድ የምስጋና ወረቀት መጥቶለት ከራስጌው ሰቅሎታል። እንዴት ቢሠራ ነው ላልሽው፣ እንዲህ ነው።

እንግዲህ ፊርማ የለም። ያለሽኝ አንቺ ነሽ። ስብሰባው ላይ ቆመሽ ንገሪያቸው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ደግሞ አንድ ነገር። ለዚያ ነቅሶ ላወጣኝ ሰው ሰላምታዬን አደረስሽለት ወይ? መልስ አልሰጠሽኝም።

አንደበትሽን ይክፈትልሽ።

አጎትሽ

---

የካቲት 3 ቀን

ለጋሼ፣

ሰላምታ ለመስጠት ፊት የለኝም፤ ግን ጤናዎን ሳልጠይቅ አላልፍም።

ስብሰባው ተደረገ። ሃያ ሁለት ሰው ነበር። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። "በካሬ ሰማንያ አራት መረጃ ላይ ጥርጣሬ አለ" አልኩ።

"ጥርጣሬው ስንት በመቶ ነው?" አለ አለቃዬ።

ጋሼ፣ "መቶ በመቶ፣ ሰውየው አጎቴ ነው" ማለት ነበረብኝ። "አስልቼ አቀርባለሁ" አልኩ። እኔ ሳሰላ ውሳኔው አለፈ። ጥበቃው ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ ይነሳል። እርስዎ ወደ ሰማንያ አምስት ተዛውረዋል፤ ከአልጋ ወራሽ በታች። የሁለቱንም ካሬ ቅጽ የሚሞላው እሱ ነው።

የጠየቁኝን ልመልስ። የተጨበጨበው ለእኔ ነው። ነቅሼ ያወጣሁዎት እኔ ነኝ። አዲስ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ሁሉም ባለፈው መረጃ ውስጥ ያንን "1" ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። የሙከራ ጊዜዬን ያለፍኩት በርስዎ ነው። ማን እንደሆኑ ሳውቅ ደግሞ፣ ይህን ሁሉ ሰው "አጨብጭባችሁ ስትጨርሱ ተሳስቻለሁ" ማለት አቃተኝ።

ቢቆጡ አይፈረድብዎም።

የእህትዎ ልጅ

---

የካቲት 28 ቀን

ለክብርት የካርታ ባለሙያ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሰላምታ ስለ ማቅረብ

ከላይ በርእሱ እንደተገለጸው ሰላምታ አቅርቤያለሁ።

በተላለፈው ውሳኔ መሠረት የጥበቃ ቤቱን ዘግቼ፣ ቁልፉን አስረክቤ፣ ወደ ሰማንያ አምስት የተዛወርኩ መሆኔን እገልጻለሁ። ከአልጋ ወራሽ ጋር በአንድ ክፍል እንኖራለን። በመጀመሪያው ቀን ጫማዬን ሳስር አይቶ "ወዴት ነው?" አለኝ። "ለቅኝት" ስለው እስክሪብቶውን አነሣና "ቅኝቱ እኮ እዚህ ነው" አለኝ። ሲጽፍ እጁ የሚያምር መሆኑን አልክድም።

ለአሥር ቀን ትእዛዝ አክብሬ ተቀመጥኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሾልኬ ወርጄ ሳይ፣ ምንጩ በደለል ተደፍኖ ጭቃ ብቻ ቀርቷል። አንዲት እናት አህያ ውሃ ፍለጋ ገብታ እስከ ደረቷ ሰምጣ ነበር። ልጅቷ ዳር ቆማለች። በገመድ ጎተትኩ፣ በእጄ ቆፈርኩ፣ አልሆነም። ከሰዓት በኋላ ሞተች። አሥር ቀርተዋል። ለመረጃ ያህል ነው።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። የአህያ ዘብም ከካርታ አላስጣለም። እናንተ አሸዋ ጫኙን መኪና ፈርታችሁ በቅሎዬን ገረፋችኋት፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ይኼን ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየማለዳው እየወረድኩ እቆፍራለሁ። የትም አልጻፍኩትም። ይህን ያህል ዘመን ሠርቼ ሥራዬን ስደብቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የቀድሞው የካሬ ሰማንያ አራት ዘብ

ግልባጭ፦
ለእናትዎ

---

መጋቢት 22 ቀን

ለጋሼ፣

ፈጣሪ ያጽናዎ። እባክዎ "እርስዎ" አይበሉኝ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እናቴ ግልባጩ ደርሷት ደውላ ነበር፤ ያለችኝን እዚህ አልደግመውም።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ጻፍኩ። ቋሚው ሰውዬ የእናቴ ወንድም ነው፤ ሲቆፍር የነበረው ውሃ ነው፤ አንዲት አህያ ሞታለች፤ ስህተቱን ያገኘሁትም ያፈራሁትም እኔ ነኝ አልኩ። እስከ ምሳ ሰዓት ማንም አልመለሰልኝም። ከምሳ በኋላ አለቃዬ ጠርቶ "ዘመድሽ መሆኑን ለምን ቀድመሽ አልተናገርሽም?" አለኝ። ስለ አህያዋ አልጠየቀኝም። አሁን ምድር ቤት ነኝ፤ ካርቶን ላይ ቁጥር እለጥፋለሁ። ወደ ካርታው የምገባበት የይለፍ ቃል ተነጥቄያለሁ።

የሚያሳብደኝ ግን ሌላ ነው። ካርታው ለአዲስ ቅጽ ስለሚያደላ፣ አልጋ ወራሽ ካሬዎን በዜሮ ሲሞላው ቀለሙ መፍዘዝ ጀመረ። ብርቱካንማ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ባለፈው ሳምንት ነጭ ሆነ። "ጠባቂውን ማንሳታችን ሠራ!" ብለው ኬክ ቆረሱ። ለእኔም ምድር ቤት ድረስ ቁራጭ አምጥተውልኛል። ካርታው ከሰኞ ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም ሰው በስልኩ ሊያየው ይችላል።

ጫማ ልኬያለሁ። ሌላ የማደርገው ስለጠፋኝ ነው።

ውሃውን አይንሳችሁ።

የእህትዎ ልጅ

---

ግንቦት 9 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ቁጣዬ አልፏል ብዬ አልዋሽሽም፤ ቦታ ቀይሯል። ጫማው ልክ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ስቆፍር የመኪና ድምፅ ሰማሁ። አሸዋ የሚጭነው ትልቁ ነው። ምንጩ አፍ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሹፌሩ አንገቱን አወጣ።

"አባት፣ ከመንገዱ ይነሡ።"

"መንገድ አይደለም፤ ምንጭ ነው።"

ወርዶ ስልኩን አሳየኝ። የእናንተ ካርታ ነው። "ይኸውልዎት፣ ነጭ ነው። እዚህ ማንም የለም። አጣርተን ነው የመጣነው።"

"እኔስ?"

ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ስልኩን አየ። "እርስዎ የሉም" አለኝ፣ በአክብሮት።

ለካ ከጎኑ ኃላፊው ተቀምጧል፤ መንገድ ሊያሳይ ነው የመጣው። እኔን ሲያይ ደሙ ፈላ። "ተነሥ ከዚህ!"

"አልነሣም።"

"አንተ የተመደብከው ሰማንያ አምስት ነው! ያለ ፈቃድ ጥብቅ ሥፍራ ገብተሃል፤ እከስሃለሁ!"

"ክሰሰኛ።"

የሚከስ ሰው ክሱ እንዲከብድለት ይፈልጋል። ወረቀቱን መኪናው አፍንጫ ላይ ዘርግቶ ጻፈ፦ "ተከሳሹ ካለፉት ሦስት ዓመታት ጀምሮ በየዕለቱ፣ ቢላና አካፋ በመያዝ፣ በቅሎ በማስከተል፣ በምንጩ ሲቆፍር የነበረ መሆኑን አረጋግጣለሁ።" ፈረመ። ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ እፍ ብሎ መታ። ሹፌሩን ምስክር አደረገው። እኔ ቁጭ ብዬ ሳየው፣ ሦስት ጊዜ ደጅ የጠናሁበትን ወረቀት በገዛ እጁ ሲያረቅልኝ፣ መሳቅ አምሮኝ ጉንጬን ነከስኩ።

ፍርድ ቤት ቀረብኩ። ዳኛዋ ክሱን አነበቡና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

"በየዕለቱ ስትቆፍር የነበርከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ ክብርት ዳኛ።"

"ይህን ሁሉ ዘመን?"

"ከበዓል ቀን በቀር።"

"እሺ" ብለው ጻፉት። እኔ ነኝ ስል ያመኑኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ከዚያ ጉዳዩ የሥፍራ ምርመራ ይፈልጋል ብለው ለታኅሣሥ ቀጠሩት። እስከዚያ ድረስ ምንጩ ኤግዚቢት ስለሆነ ማንኛውም መኪና እንዳይደርስበት፣ ክሱ በተጻፈበት ቀን እንደነበረው እንዲቆይ አዘዙ፤ ኃላፊነቱንም ለከሳሹ ሰጡ። ክሱ በተጻፈበት ቀን ደግሞ ምንጩ ውሃ ነበረው።

ኃላፊው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራሱ ወርዶ ቆፈረ። በአራተኛው ቀን መዳፉ ውሃ ቋጥሮ መጣ። "በል ና እባክህ" አለኝ፤ "ግን ስምህን የትም አልጽፍም።" አትጻፍ አልኩት። አሁን ከሳሼ በበቅሎ ይወስደኛል፣ እኔ እቆፍራለሁ፣ አሥሩም ይጠጣሉ።

የክሱን ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ፊርማም፣ ማኅተምም፣ ምስክርም አለው። ምድር ቤት ካለሽበት ውጪና ለአለቃሽ ስጪው። ምን እንደሚል ጻፊልኝ።

የመንግሥት ጠበቃ ሰጥተውኛል፤ ቀልጣፋ ልጅ ነው። "አይዞዎት፣ ቀጠሮውን አሳጥሬ ቶሎ ነፃ አስወጣዎታለሁ" ይለኛል። እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ከተፈረደብኝ ቆፋሪ የለም። ነፃ ከወጣሁ እግዱ ይነሳና መኪናው ይመለሳል። በቻልከው አጓትተው አልኩት። ሥራውን የጠላሁበት መስሎት አኮረፈ።

ለእናትሽ ተከሰሰ አትበያት፤ ቀጠሮ አለው በያት። ምንጊዜም በደብዳቤዬ መጨረሻ እመርቅሻለሁ፤ ዛሬ ግን ምርቃቱን አንቺ ለእኔ አድርጊልኝ፣ ከሌላው ምርቃት ሁሉ አስቀድመሽ፦ ፍርዱን ያዘግይልን።

አጎትሽ